ለሁለት

ነሐሴ ነው፣ ኤድመንተን። ከሰሜን ጫካው ነዶ
ጭሱ ሰማዩን ዘግቶ፣ ጎዳናው ድረስ ወርዶ፤
ፀሐይ ቀይ ሳንቲም አክላ፣ ቀትር ላይ ማታ መስሏል፣
ይርጋ እርጥብ ፎጣ ይዞ የመስኮት ጠርዝ ይደፍናል።

ሰባተኛ ወሬ ነው። ደረቴ ማታ ማታ
ያፏጫል፤ ማንቆርቆሪያ የቀረች ያህል ምድጃ ላይ ተረስታ።
ቡናማዋን ኢንሄለር፣ የጠዋትና የማታዋን፣
ከትንንሽ ካልሲዎች ስር ሸሽጌ ትቻት እሷን፤
እትዬ ውድነሽ ናቸው ያሉኝ፣ በስልክ፣ በሹክሹክታ፣
«ፅንሱን ይነካል ልጄ፤ ቻይው፣ ሁሉን ለጌታ።»

ቻልኩት። ስድስት ሳምንት። ደረጃ መሐል ቆሜ፣
የጫማ ክር የማስር መስዬ፣ ትንፋሽ ስለቅም ደክሜ።
ሰማያዊዋን ሲጠናብኝ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ፣
አንዴ ስቤ፣ «ይቅር በለኝ» እላለሁ፣ ሆዴን በእጄ አጥብቄ።

ሐሙስ ሌሊት ግን አንድ ቃል መጨረስ አቅቶኝ፣
ይርጋ ባዶ እግሩን ነዳ፣ ወደ ሆስፒታል ይዞኝ።
ጭምብል አጠለቀችልኝ ማሪቤል፣ የማታዋ ነርስ፤
የልጄ ልብ በማሽኑ ሲጋልብ እንደ ፈረስ።
አልተቆጣችም። «ስሚኝ» አለች፣ ወንበር ስባ ተጠግታ፤
«የሱ ሳንባ ገና ሥራ አልያዘም፤ ያንቺ ነው የሚሠራለት፣
አንቺ ስትታፈኚ ነው አየር የሚያጥርበት።
ቡናማዋን አታቋርጪ፣ ስትወልጂም፣ ስታጠቢም፤
ወደ ወተትሽ የሚያልፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።»

«ለሁለት ብዪ» ያላለኝ ማን አለ? ዘመድ፣ ሱቅ፣ ሰፈር፤
«ለሁለት ተንፍሺ» ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበር።

ጥር ነው አሁን፤ በረዶ። ቡናማዋን ስቤ፣
አፌን ተጉመጥምጬ መጣሁ፣ ልጁን ጡቴ ላይ አቅርቤ።
እትዬ ውድነሽ ሊጠይቁን መጥተው ከማቀዝቀዣው ፊት ቆሙ፣
ማሪቤል የሰጠችንን ወረቀት አይተው ተገረሙ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።
                    «ባንዲራ ነው እንዴ?» አሉኝ።
«የትንፋሼ መብራት ነው፤ ቀዩ ሐኪም ቤት የሚያስሮጠኝ።
ዛሬ አረንጓዴው ላይ ነኝ።»
                    መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፤
«እኔ እኮ…» አሉና ተዉት፤ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

ልጁ ጡቱን ሳይለቅ በትንሽ አፍንጫው ሲስብ
ሰማሁት፤ ለአንድ፣ ለብቻው፤ ካሁን ወዲያ በራሱ ሒሳብ።