አስራ አንደኛው እርከን

ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
ጋሽ ድንበሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ስር ስር።
ወርቅ ቤቶቹን አልፈን፣ ጫማ ሰፊው ጥግ ዞረን፣
መንገዱ ጠበበና ጎን ለጎን መሄድ አቃተን።

"በዓይንህ አትመልከት፤ ዓይን ቀለም ይወዳል፣
በመዳፍህ ዳብሰው፤ ግድግዳ እጅ ይለምዳል።"

ዳበስኩት። ጭቃ ነው፣ ጭዱ የወጣበት፣
የአንድ ሰርግ ኖራ፣ የአንድ ምርጫ ወረቀት፤
ልስኑ በወደቀበት፣ ዝናብ በገባበት በኩል
እንደ ከሳ በሬ ጎድን ማገሩ ይቆጠራል።

"ይህ ታች ቤቱ ድንጋይ፣ ላይ ቤቱ እንጨት የሆነው፣
ንድፉ የአርመን ነው፣ መጋዙ የህንድ ነው፤
ጭቃውን ግን ያቦካው
የኔ አያት እግር ነው።"

በረንዳው ቤቱን ዞሮ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣
የክዳኑ ጠርዝ ጣውላ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል፤
አስራ ሁለት መስኮት ነበር፤ ስድስቱን ብሎኬት ዘጋቸው፣
ሁለቱን ጆንያ፣ አንዱን ዲሽ፤ ሦስቱ ብቻ ክፍት ናቸው።
የእንግዳ መቀበያው በአቡጀዲ ተከፍሎ
አራት ቤት ወጥቶታል፣ አራት ቆጣሪ ተክሎ።

ከላይ እትዬ አልጋነሽ ልብስ ስታሰጣ አየችን፣
"ከክፍለ ከተማ ናችሁ? ሜትር ይዛችኋል?" አለችን።
"ምስማር ነው የያዝነው" ብሎ መለሰላት፣
ኪሱን ነቅነቅ አርጎ እያንሿሿላት።

ደረጃው በውጭ ነው፣ አስራ ሰባት እርከን፤
አስራ አንደኛው የለም፤ ዘለልነው ተደግፈን።
በቶርኖ ከወጡት ቋሚዎች መካከል
አንዲቷ ጋ ቆመ፣ ባርኔጣ ሲያስተካክል፣
ሰው ያገኘ ይመስል።

አንገቷ ቁልቁል ነው፣ ሆዷ ሽቅብ የወጣ፣
በእህቶቿ መሀል ቆማለች ተገልብጣ።

"ደረጃው ሲታደስ ነው። ዋናው አናጢ ምሳ ሄደ፣
በችኮላ መታኋት፤ መጣ፣ ሳያያት ወረደ።
አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር።
ዝናብ ሲጥል ሌሊት እሷን አስብ ነበር፤
ነገ አቀናታለሁ፣ ነገ... ስል፣ ስል ስኖር፣
ሚስት አገባሁ፣ ቀበርኩ፣
ስልሳ ክረምት ሄደ።"

ልጠይቀው ዳዳኝ። በሩ ላይ ቀይ ኤክስ አለ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ወርዶ ደፉ ላይ የዋለ።
እሱም አይቶታል። ዝም አለ።

ጎንበስ ብሎ ነካት። ሊነቅላት ነው ስል
እጁ ተመለሰ፤ "እሷስ ትቆይ" ሲል።
"እንዲህ ሆና እኮ ነው ሰው የተደገፋት፤
አሁን ባቃናት፣ ራሷን ቢያዞራት?"

ከጎረቤት ደጅ አንድ ጣውላ ለመነ፣
ለአስራ አንደኛው እርከን፣ ለጎደለው ሆነ።
ጉልበቱን አጥፎ፣ ድንጋይ መዶሻ አድርጎ፣
አራት ምስማር መታ፣ ጠማማዋን ኪሱ ሸሽጎ።

እትዬ አልጋነሽ ባዶ ባልዲ ይዛ ወረደች፤
እግሯ እንደ ልማዱ እርከኗን ዘለለች።
ቆመች። ዞራ አየቻት።
አንድ ወደ ላይ ተመልሳ
ቀስ ብላ ረገጠች።