ሰባተኛው ደቂቃ

ከለጠፍኩት ቆየ፤ ድፍን ሁለት ዓመቱ፣
«ከደሴ ኮምቦልቻ» ይላል አርዕስቱ።
ስልኬን በላስቲክ ከመስታወት አስሬ፣
ከመናኸሪያው በር ቁልቁል ጀምሬ፣
ሐረጎን ስንወርድ፣ መንገድ ሲጠቀለል፣
ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ሲንከባለል፣
አንድም ሳልቀንስ፣ አንድም ሳልጨምር፣
እንዳለ ቀድቼ የሰቀልኩት ነበር።

አርባ ሦስት ደቂቃ! ማን ችሎ ይጨርሰው?
ግን አይታጣ መቼም፤ መሪ ለማጅ ሰው፣
ኩርባ የሚቆጥር፣ እንቅልፍ የራቀው።
አንድ የገራዶ ልጅ «መንጃ ፈቃዴንም
ባንተ ነው ያወጣሁ» ብሎኛል፤ አላመንኩትም።

ሮብ ሌሊት ነው፤ መብራት ሄዶ እንደ መጣ፣
ስልኬ ነዘረና አንድ መልእክት አወጣ፦
«ከሰባተኛው ደቂቃ የሚሰማው ዘፈን
ባለቤት አለው።»
                    ዘፈን? የምን ዘፈን?

ከፍቼ አዳመጥኩ። የኑርዬ ቴፕ ነው፣
መሪውን በጣቱ እየመታ የሚያጅበው።
ከዘፈኑ በላይ፣ ከሞተሩ በላይ፣
አባ ሙሄ ወርደው ከኩርባው ጫፍ ላይ፣
ዱላቸውን በብብት ይዘው፣ ከመኪናው ፊት ቆመው፣
ሁለት እጃቸውን ወደ እኛ ዘርግተው
ይመርቁናል።

መሣሪያው ሦስት ነው። አንደኛው መቀስ፣
ከዚህ እስከዚያ ካልከው ቆርጦ የሚጨርስ።
ሞከርኩት፤ መኪናው ከኩርባ ኩርባ ዘለለ፣
በግራ የነበረው ገደል በቀኝ በኩል ዋለ፤
አባ ሙሄም ጠፉ፤ ሳይወርዱ፣ ሳይሰናበቱ፣
እስከ ቦርከና ሄዱ በነጻ፣ ከነከረጢቱ።

ሁለተኛው መተኪያ፤ መዝገብ ሙሉ ዜማ፣
«ደስተኛ»፣ «አነቃቂ»፣ በነጻ የሚሰማ።
ፒያኖ ደርቤ ባያቸው አባ ሙሄን፣
የባንክ ማስታወቂያ ሆኑ፣ «ቆጥቡ» ሲሉን።

ሦስተኛው ዝምታ። «ዜማውን ነጥዬ
አጠፋለሁ» ሲለኝ፣ «ይሁን» አልኩ ቸኩዬ።
«ካስቀመጥክ በኋላ መመለሻ የለም»
የሚለውን አነበብኩ፤ ግን አላስተዋልኩም።
ስድስት ሰዓት ፈጀ፤ ክቧ ስትዞር አደረች፣
ጦሳ ላይ ሲነጋ «ተቀምጧል» አለች።
ማስፈንጠሪያው ያው ነው፤ የተመልካቹ ቁጥር ያው ነው፣
የተለጠፈበት ቀን እንኳ ያው የድሮው።
ዘፈኑ ጠፍቷል። ሞተሩም። ነፋሱም።
የአባ ሙሄ ከንፈር ይሄዳል፤ ድምፅ የለም።

ዋናውን ከስልኬ፣ ቦታ ሲጠበኝ፣ ድሮ አጠፋሁ።
«የግርጌ ጽሑፍ» የሚል አንድ ሣጥን አገኘሁ፣
ከንፈራቸውን እያየሁ ቃል በቃል ጻፍኩበት፦
«መንገዱን ጨርቅ ያርግላችሁ» — ይህን አልሳትኩት፤
«ኩርባው ይቅናላችሁ» — ይህንንም አልሳትኩት።
ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ሁለት ሴኮንድ ተኩል።
ከንፈር ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ ይላላል።

ረዳቱን፣ እንድሪስን፣ ደውዬ ብጠይቅ፣
«‹ይሰብስባችሁ› ነው!» አለ፣ እየጮኸ፣ ሲስቅ።
ከኋላ የነበሩት ወይዘሮ ጦይባ ግን
«‹ይመልሳችሁ› ነው፤ ያኔ እንባ መጣብኝ።»
ኑርዬ «እኔ እንጃ፣ መሪ ላይ ነበርኩ» አለ።

ቅዳሜ ወረድኩ፤ ኩርባው እንዳለ አለ፤
አባ ሙሄም አሉ፣ ከበራቸው ድንጋይ ላይ።
ስልኩን ሰጠኋቸው፤ አቀረቡት፣ አራቁት፣ ዐይናቸው እስኪያይ።
«ኧረ ያ ካፖርቴ! ለማን ነው የሰጠሁት?»
አሉ አስቀድመው። ቃሏን ስጠይቅ ሳቁበት፦
«ምን እንዳልሁ ምን አውቄ? ያ የዚያ ቀን ነው ልጄ፤
ዛሬ ሌላ ልስጥህ፤ ይኸው ክፍት ነው እጄ።»

ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። አልቀዳሁትም።

ማታ ከሣጥኑ ገባሁ፤ በሦስተኛው ስፍራ
ነጥብ ብቻ ደረደርኩ፣ አንድም ቃል ሳልጠራ።
ከሥሩ የጻፍኩትን ግን ማንም አልካደኝም፣
እንድሪስም፣ ጦይባም፣ ኑርዬ እንኳ ከመሪው፣ እኔም፤
ለምን እንዳልነው ቢጠፋን፣ አልረሳንም ማለታችንን፦

                    «አሚን! አሜን!»