የጃንጥላ ሐዲድ

ጅማ ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅም።
እኔ ግን ትኬት አለኝ፤ ማንም አይጠይቅም።
ከሲጋራ ካርቶን የቆረጥኩት፣
በምስማር ጫፍ የበሳሁት።

ሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከሬዲዮ ሱቄ ጓሮ፣
አልጋ የነበረ ጣውላ በሁለት በርሜል ላይ ታስሮ፤
"አልጋው የት ገባ?" ትላለች ዘምዘም ሚስቴ፣ እኔ ዝም፤
"እንግዳ ቢመጣስ?" ስትል፣ "ባቡር ቢመጣስ?" እላለሁ፣ እሷም ዝም።

ሐዲዱ የጃንጥላ አጥንት ነው፣
በዚህ ከተማ ዝናብ ሰው ሁሉ የሰበረው፣
ነፋስ የገለበጠው፣ ደጅ ላይ የወረወረው።
ፈቲያ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ
አንድ ሁለት ትለቅምልኛለች፣ እጇ በዝገት እስኪለወስ፤
እኔ ጨርቁን እገፋለሁ፣ ሽቦውን እሞርዳለሁ፣
በክብሪት እንጨት ጀርባ ላይ በሙጫ እደረድራለሁ።
ጠጠሩ የቡና ገለባ፣ ከመፈልፈያው የለመንኩት፣
ጫካው የድንጋይ ሽበት፣ ካጥር ላይ በማንኪያ የፋቅኩት።
ሞተሩ ከካሴት ማጫወቻ፣ ባለቤቱ ያልመጣበት፣
ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣበት።
(ቢመጣ ምን እላለሁ?
"ወንድሜ፣ ቴፕህ ተሳፍሯል፣ ሲመለስ እደውላለሁ።")

ልኬቱ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው።
ሰው ሁለት ሳንቲም ይሆናል፣ ፎቅ አንድ ብርጭቆ ያክላል፣
የአዌቱ ድልድይ በስንዝር ያልቃል።
ተማም ጠራቢው፣ ዕድሜውን በርጩማ ሲፈለፍል የኖረ፣
ከዋንዛ ቁራጭ ተሳፋሪ ስጠርበው ብሎ ተማረረ፦
"ሰው እንዲህ ካነሰ ፊቱን የቱ ጋ ልቅረጽለት?"
"የሚጠብቅ ሰው ነው" አልኩት፣ "ጀርባ ይበቃዋል፣ ጀርባ ብቻ ሥራለት።"

ሠራለት። አንገቱ ትንሽ ቀና ያለ፣ እጁ ኪሱ የገባ፤
ሰቃ ጣቢያ ዳር አቆምኩት፣ እግሩን በሙጫና በገለባ።

መርሐ ግብሩ ከደብተር ገጽ፣ በፈቲያ ጽሕፈት፦
ጅማ መነሻ አንድ ሰዓት፣ ሰቃ ለሩብ ጉዳይ ሁለት፣
አጋሮ ሁለት ተኩል።
ካርታ የሚያውቅ ይስቃል፤ "ሰቃ ወዲያ፣ አጋሮ ወዲህ፣
እንዴት አንድ መስመር ላይ?"
"አልጋው ጠቦ ነው እንዲህ።"

ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ማብሪያውን ስጫን፣
ይንቀጠቀጥና ይነሳል፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ያቃስታል፣
ነፋሱ ትዝ ብሎት ይሆን?
ሁለት ፉርጎ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎኑ ላይ ዓሣው ይታያል፤
ድልድዩ መሃል ሲገባ መብራት ይጠፋል።
ይጠፋል እንጂ። ጅማ ነው።
ፈቲያ በጨለማው ውስጥ፦ "አሁን ሰውዬው ምን ይላል?"
"'ዛሬም' ይላል።"
"ሌላስ?"
"ሌላ ምን ይላል? ይጠብቃል።"

ሐምሌ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ የጣሪያው ሚስማር ላላና
ውኃ ገባ፣ በተራራው፣ በጫካው፣ በአጋሮ ጎዳና፤
በቀለም የሣልኩት ወንዝ ወንዝ ሆነ፣ ድልድዩን ሊያልፈው ቃጣ፣
ዘምዘም ፋኖስ ይዛ፣ እኔ ባንድ እግር ጫማ ሮጠን ስንመጣ።
ሞተሩ አለ፣ ትራንስፎርመሩ አለ፣ ሽቦው ሁሉ በጣውላው ላይ፤
የቱን ላንሳ፣ የቱን ልተው? እጄ አየር ላይ ቀረ እንደ ሰማይ ጠባይ፣
አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ።

እሷ ቀደመችኝ። ስለ ባቡር ግድ የሌላት፣
አልጋዋን የቀማኋት።
ፋኖሱን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሙጫውን በጥፍሯ ፈቅፍቃ
ያን ሁለት ሳንቲም ሰውዬ አወጣችው፣ በመዳፏ ሸሽጋ፣ ጠብቃ።
በነጠላዋ ጫፍ ጀርባውን አደራረቀችው።
"በስብሷል እኮ" አለችኝ፣ "ምስኪን፣
ጃንጥላ እንኳን የለው።"

ሐዲዱን አየሁትና
ዝም አልኩ።