ሁለቴ የወጣሁት ዳገት

ከጨው ባሕር ከንፈር፣ ከምድር ዝቅታ፣
ጎን ለጎን አቆምን ሌክሰስና ሱሲታ።
ሌክሰሱ የአዛናው፣ ፕላስቲኩ ከወንበር ያልወለቀ፣
ሱሲታዋ የሚርቻ፣ ቀለሟ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተላቀቀ።
ገላዋ ብረት አይደል፣ የክርና የሙጫ፣
«ግመል ይበላታል» ይሏታል፣ አድርገው መላገጫ።
እኔ መካኒኩ ነኝ፣ ዳኛ የሆንኩ በግድ፣
እስከ አራድ ሁለቴ ወጣሁት ያንኑ መንገድ።

በሌክሰሱ ስወጣ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣
ሞተሩ አለ የለም፣ ድምፁ እንኳ አልተሰማ።
ጠመዝማዛው ተቃና፣ ዳገቱም ሜዳ ሆነ፣
የከፍታው ቁጥር ብቻ በስክሪኑ ላይ ተነነ።
ጆሮዬ ባይደፈን፣ መውጣቴን መች አውቄ፣
«አራድ ደረስን» ሲለኝ ባነንኩ ተሳቅቄ።

ሱሲታ ግን፣ ወይ ሱሲታ!
በአንደኛ ማርሽ እያማጠች፣ ስታነክስ ስታነክስ፣
ሦስቴ ውኃ አጠጣናት ዳገቱን እስክንጨርስ።
ሚርቻ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ይመታል፣
በሩማንኛ ይለምናል፣ በዕብራይስጥ ይሳደባል።
ከአንዱ ጥምዝ ቆመን ራዲያተሯ ሲበርድ፣
ግመል መጣ፣ የእውነት ግመል፣ አንገቱን እንደ ገመድ
ዘርግቶ ፓራውልቷን አሸተተ።
ሚርቻ አመዱ ቡን አለ፤ የእኔም ትንፋሽ ቆመ፤
ግመሉ አሰበበት፤
አልጣመውም መሰል፣ ወደ ቁጥቋጦው አዘገመ።

ፍርድ ስጥ አሉኝ፣ ሰጠሁ፤ ምን አከራከረ?
በፍሬን፣ በጉልበት፣ በነዳጅ፣ ሌክሰሱ ከበረ።
«አውቃለሁ» አለ ሚርቻ፣ ኮፈኗን እየደባበሰ፤
አዛናው ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ማታ ትርንጎ «መንገዱስ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣
የግመሉን ስነግራት እኩለ ሌሊት ደረሰብኝ።
ስለ ሌክሰሱ ግን፣ ቆይቼ ቆይቼ አልኳት፤
«ወንበሩ ይቀዘቅዛል።» ሌላ ቃል አጣሁላት።