ጸጥታ ይከበር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሳል እንኳ ሲቆጣ፣
ጋሼ ይመር ዛሬ፣ ስልኩ ድምፅ አወጣ።
የሆጤው ተማሪ፣ ቀና ብሎ ሳቀ፤
ሽማግሌው አፍሮ፣ ስልኩን ደባበቀ።

የሐያት ጥፋት ነው፣ መስከረም የመጣች፣
ጣቱን ይዛ እንደ አዲስ፣ ፊደል ያስቆጠረች።
የለጠፈው ፎቶ፣ መጽሐፍ አልነበረም፤
ክፍተት ነው፣ ጥርስ ያህል፤ ከሥሩም ቃል የለም፣
ከመደብ ቁጥሩ በቀር።

ከኮምቦልቻ መልእክት፦ «ጋሼ፣ እኔ ጋ ነው፤
ያሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስንት ይሆን የምከፍለው?»

ሒሳቡን ሊጽፍ ሲል፣ ጣቱ ተንሸራቶ፣
ቀይ ልብ ነው የሄደው፤
ተወው፣ አይቶ አይቶ።

ጦሳ ጉም ለበሰ። «ጸጥታ ይከበር»
ከሚለው ሰሌዳ፣ ከድሮው ቀለም ሥር፣
ስልኩን አስቀመጠው፣
ድምፁን ሳይቀንሰው።