እርሳስ

ባሕር ከሚመስለው ቡናማ ወንዝ ዳር፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከማግኔቱ ጋር፣
ጭንቅላት ሳነሣ ያነጋል ሌሊቱ፤
ማንበቡ የሐኪም ነው፣ የኔ ነው ማንሣቱ።

«ብረት አለህ?» እላለሁ የመጣውን ሁሉ፤
ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ሳንቲም፣ ይቀራል በሙሉ።
በሩ የማያውቀው ሌላ ብረት ካለ
ይዞት ይተኛበት፣ ማን ከለከለ።

አርባ አንድ ይላል ፋይሉ፤ ስሙ ግን ዊልማር፣
አውቶቡስ ነጂ ነው ከሴሮ ወደብ ዳር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሲገባ ሲወጣ
አጭሷል፤ አይዋሽም፤ ለማቆም ነው የመጣ።
አገሩ ፈቅዷል፣ ሕጉ አይከለክለው፤
የፋርማሲው መስኮት ጣቱን ነው የሚጠይቀው፤
አውራ ጣቱን ሲጭን ማሽኑ «እሺ» ይላል፣
ቅጠሉ በፓኬት ታሽጎ ይወጣል።
በዚያው አውራ ጣቱ ለጥናቱ ፈርሞ
ክኒን ይቀበላል ከኛ መስኮት ቆሞ።

ክኒኑ ነጭ ነው።
መድኃኒት ይሁን የስኳር ዱቄት
እሱ አያውቅም፤ እኔም፤
ዶክተር ኢሪኔያም አታውቅም።
የሚያውቀው አንድ ፖስታ ነው፣
በሌላ ከተማ ካዝና ውስጥ የተኛ።

በመጀመሪያው ቀን ሥዕል አሳየሁት፦
የተጠቀለለ ሐሺሽ። ወንበር።
ሐሺሽ። ጃንጥላ።
ሐሺሽ። እርሳስ።
ቅጠሉን ባየ ቁጥር ከጭንቅላቱ ጥልቅ
ለውዝ የምታክል ሥፍራ ትነዳለች፣
ከሩቅ እንደሚታይ የሌሊት ማደያ።
ወንበሩ ጋ ትጠፋለች። ጃንጥላው ጋ ጨለማ።
እርሳሱም ጋ።
እነዚህማ ማነጻጸሪያ ናቸው፣
የማንንም ልብ አይነኩም ተብለው የተመረጡ ዕቃዎች።

በሁለተኛው ሳምንት አንሶላው በላብ ራሰ።
በሦስተኛው ከሚስቱ ከኔልባ ተጣላ፣ በጨው ምክንያት።
በአምስተኛው ሕልም ማየት ጀመረ።
«ሃያ ሁለት ዓመት እንቅልፌ ጥቁር ግድግዳ ነበር፤
አሁን ሲኒማ ቤት ሆኗል፤ መውጫው ግን የት እንደሆነ እንጃ» አለኝ።
ለዚህም ቅጽ አለን፤
«ሕልም፦ አዎ» ብዬ ሞላሁ።

በአሥራ ሁለተኛው፣ ያው ማሽን፣ ያው ጩኸት፤
ቅጠሉ ብቅ ሲል ዓይኔን ተከልኩበት፤
ያቺ የለውዝ ፍሬ ጭል ጭል ብላ ቀረች፣
ባትሪው እንዳለቀ ፋኖስ ደከመች።
ዶክተር ኢሪኔያ ከኋላዬ ቆማ
ትንፋሿን ያዘችው ደስታዋ እንዳይሰማ።

ቀጥሎ እርሳሱ መጣ።
ቀይ፣ ጠፍጣፋ፣ የአናጢ እርሳስ።
ያን ጊዜ በራ፤
ለውዟ ብቻ አይደለችም፤ ከጆሮው በላይ፣ ከግንባሩ ኋላ፣
ከስንት ቀን በኋላ መብራት እንደመጣለት ሰፈር
ሁሉም በአንድ ጊዜ።
«ራሱን አንቀሳቅሶ ነው» አለች ዶክተሯ፣ «ጥላ ነው፤ ይወገድ።»
አልተንቀሳቀሰም።
በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ከዓይኑ ጥግ ወደ ጆሮው
አንዲት ነገር ወረደች፤
እጁን ግን አላነሣም፣
አትንቀሳቀስ ብዬዋለሁና።

ሲወጣ ቁልፉንና ቀለበቱን መለስኩለት።
«አባቴ» አለ ጫማውን እያሰረ፣ «ጆሮው ላይ ይሰካው ነበር።
ሲገንዙት ፈለግሁት፤ የለም።
ከቀብሩ መልስ አንዱ አቀበለኝና
‹ሳብ አድርገህ እርሳ፣ ይሻልሃል› አለኝ።
ታዘዝኩት፤ ረሳሁ በደህና።»

ሁሉም እርሳ ሲለው ረስቶ ረስቶ
እርሳስ ብቻ ቀረ፣ ከሁሉ ተርፎ ወጥቶ።

ሠንጠረዡ ለዚህ ዓምድ የለውም።
ፖስታው ሲከፈትም አልነበርኩም፤
ለምድር ቤት ሰው ማን ይነግራል።

ባለፈው ዓርብ በአውቶቡሱ ተሳፈርኩ።
ሒሳቤን ተቀብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«እሑድ አንድ ጊዜ አጨስኩ። ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ።»
ምን እንደምመልስ ሳስብ ቀይ መብራት ያዘን።
እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፤
እዚያ ምንም የለም፤
ዳበሰው ግን፣ የሆነ ነገር እንደሚያስተካክል፣
አረንጓዴ እስኪበራ፣
ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ።