ገማች

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ሲያበቃ፣
የባንኩን መኪና ውጦ ያዘው ጭቃ።
በእግሬ ቀጠልኩኝ ሜትሬን አንግቼ፣
የግምቱን ቅጽ በፌስታል ከትቼ።
አምስት መቶ ካሬ፣ በቆርቆሮ ታጥራ፣
ከሽምብራ ወዲህ ምንም ሳታፈራ፣
መያዣ ልትሆን ነው፣ ዛሬም ስሟ ተጠራ።

«ገማች ነኝ፣ ክፈት» ስል፣ ዘበኛው ሆርዶፋ
«ምኗ ነው የገማው?» ብሎ በሩን ገፋ፤
ያችው የአምና ቀልዱ፣ አንድ ቃል ሳትጠፋ።

የአባቱ እርሻ ነች፣ እሱም ያረሰባት፤
በካሳ ወጣና በደሞዝ ገባባት።

ሃያ በሃያ አምስት። ለካሁ፤ ያችው ነች፤
አንድ ስንዝር አልሰፋች፣ አንድ ጡብ አልያዘች።
ታቻምና ሦስት ሚሊዮን፣
አምና ሰባት፣
ዘንድሮ «ወደ አሥራ አራት ጠጋ አድርጋት»
ብሎኛል አለቃዬ፤
ስልኩ ውስጥ ማንኪያ ይሰማል፣
ስኳር ያማስላል።

መሬቷ መክና፣ ወረቀቷ ወልዳ፣
ልጁን ምን ልበለው፣ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ?
ከሦስቱ ገዢዎች ማን ጭቃዋን ረገጠ?
አንዱ ላንዱ ሸጠ፣ ያም ለሌላው ሸጠ፤
የሆርዶፋ ደሞዝ ብቻ አልተለወጠ።

ግን ሐሰት አልናገር፤
እታፈራሁ ለወፍጮዋ ስትበደር
የፈረመላት ይኸው እጄ ነበር።
ከገላን፣ ወር በገባ በአምስት፣ ልትከፍል ስትመጣ፣
ብሩ ከመቀነቷ ነጥቶ ሲወጣ፣
መቁጠሪያ ማሽኑን ዱቄቱ ያስነጥሰዋል፤
ገንዘብ ያዧም ትስቃለች።
እዚያ ብር ገባ፣ ዱቄት ወጣ።
እዚህ ብር ገባ፣ ብር ወጣ፣
ወፈር ብሎ።
ማንን በልቶ እንደወፈረ እኔን አትጠይቁኝ፤
የእኔም እንጀራ ከዚያው ነው።

በአጥሩ ጥግ ሆርዶፋ አራት መደብ ጎመን አለው።
«ይቺንስ ስንት አልካት?» አለኝ ጣቱን ቀስሮ።
ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፦
«በቦታው ላይ ያለ ንብረት»።
«የለም» ብዬ ሞልቼው ነበር።

ዝም ስል፣ ጎንበስ ብሎ አንድ እስር ቀነጠሰ፣
ከቅጹ ጋር ፌስታሌ ውስጥ ጨመረው፤ ወረቀቱ ራሰ።

ቤት ስደርስ፣ የሁለት ዜሮ ቀለም
ቅጠሉ ላይ ተጋብቷል።
አጥበን ቀቀልነው።
ቁጥሩን ነገ
በንጹሕ ወረቀት እገለብጠዋለሁ።